አጭር ልብ ወለድንና ልብ ሰቀላን በተግባር ማስተማር፦ ለአማርኛ መምህራን

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ የምናስተምር ሰዎች የአጭር ልብ ወለድን አላባውያን ለማስረዳት ብዙ ክፍለ ጊዜ እንመድባለን። ተማሪዎቻችንም ሴራ፣ ግጭት፣ መቼት፣ አንጻርና ጭብጥ ምን ምን እንደሆኑ ያጠናሉ፤ ከአተራረክ ስልቶች መካከል ምልሰትን (ወደ ኋላ ተመልሶ መተረክን)፣ ንግርን (ወደ ፊት ስለሚመጣው ፍንጭ መስጠትን) እና ልብ ሰቀላን ለይተው ያውቃሉ፤ በፈተና ወረቀት ላይም ትክክለኛውን ፊደል ያከብባሉ። ይሁን እንጂ ልብ ሰቀላ «አንባቢን በጉጉት የሚይዝ ስልት ነው» ብሎ የጻፈው ተማሪ፣ ሰው ትንፋሹን ይዞ የሚያነበው አንድ አንቀጽ እንዲጽፍ ሲጠየቅ እጁ ይታሰራል።

እኔም በሰሜን ሸዋ ደጋ ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት የተሳሳተ መንገድ ይዤ ነበር። ትርጓሜውን በሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ምሳሌ አንብቤ፣ «አስፈሪ ታሪክ ጽፋችሁ ኑ» የሚል የቤት ሥራ ሰጠሁ። የመጣልኝ የወረቀት ክምር ጅብ፣ ሽፍታ፣ ሰይጣንና ደም የሞላበት ነበር፤ ብዙዎቹም «ከእንቅልፌ ስባንን ለካ ሕልም ነበር» ብለው ጨረሱ። ሁሉንም አንብቤ አንድም ጊዜ አልተጨነቅሁም። ልጆቹ አልሰነፉም፤ እኔ ያዘዝኋቸው ማስፈራራትን ስለ ነበር ማስፈራሪያ ሰበሰቡልኝ። አንባቢን ማስጠበቅ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ሙያ ደግሞ በእጅ ሲሠራ ይገባል። ከዚህ በታች የምገልጻቸው ሥራዎች ከዚያ ወዲህ በክፍል ውስጥ ደጋግሜ የሞከርኋቸው ናቸው።

በእንቆቅልሽ መጀመር

የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ያለ ምንም ትርጓሜ በእንቆቅልሽ ይጀምሩ። አንድ ተማሪ ተነሥቶ «እንቆቅልሽ» ይበል፤ ክፍሉ «ምን አውቅልህ» ብሎ ይመልስ። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው» ብሎ ከጠየቀ በኋላ የሚያውቅ ሰው ከጠፋ «አገር ስጡኝ» ይላል። ክፍሉ ደብረ ብርሃንን ይሰጠዋል፤ ጠያቂው አይበቃኝም ሊል ይችላል፤ አንኮበርን ይጨምሩለታል፤ እሱም የተሰጠውን አገር ተቀብሎ፣ እዚያ ሄዶ ያየውንና የበላውን እየዘረዘረ ካዘገያቸው በኋላ «ውሃ» ብሎ ይገላግላቸዋል።

እዚህ ላይ ጨዋታውን ያቁሙና፣ ይበልጥ የጓጉት በየትኛው ቅጽበት እንደ ነበር ይጠይቋቸው። ብዙዎቹ ጥያቄው በተጠየቀበት ጊዜ ሳይሆን አገር ከተሰጠ በኋላ፣ መልሱ ሊመጣ ሲል እንደ ነበር ይናገራሉ። ቀጥሎ አንድ ሌላ ተማሪ ጠይቆ ወዲያው መልሱን እንዲናገር፣ ሦስተኛው ደግሞ ጠይቆ አገር ሲቀበልና ሲመልስ አምስት ደቂቃ እንዲፈጅ ያድርጉ። ወዲያው የተመለሰውን ማንም ልብ አይለውም፤ በሦስተኛው ላይ የኋላ ወንበሮች ወሬ ይጀምራሉ። መዘግየት ልክ እንዳለው ልጆቹ በራሳቸው ጆሮ ይሰማሉ። አያቶቻችን በየምሽቱ እሳት ዳር ያደርጉት የነበረውን ይህን ጥበብ፣ ልብ ሰቀላ የተባለውን የትምህርት ቤት ቃል ከመስማታቸው በፊት ልጆቹ እንደሚያውቁት ማስታወስ ለመተማመናቸውም ይጠቅማል።

እንቆቅልሽ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ የምንሳሳለት ሰው የለበትም። ስለዚህ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ወደ ታሪክ ይሻገሩ።

ልጁ፣ በቅሎዋና መጫኛው

ለዚህ ትምህርት ሁለት አጫጭር ትረካዎችን አዘጋጅቼ እጠቀማለሁ። በመጀመሪያው ትረካ አንድ ልጅ የበልግ ዘር የጫነች በቅሎ እየነዳ፣ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የሚያወጣውን ዳገት ጉም ውጦት ይጓዛል፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ በድንገት መጫኛው ተበጥሶ እህሉ ወደ ገደል ይገባል። ሁለተኛው ትረካ የሚጀምረው ጎሕ ሳይቀድ፣ ከቤት ደጃፍ ነው። እናቱ ሲጭኑ ከጓሳ ሣር የተገመደው መጫኛ በአንድ በኩል ሳስቶ፣ ጥቂት ክር ብቻ እንደቀረው ያያሉ፤ ሊቀይሩት ወደ ጓዳ ገባ ሲሉ ጎረቤት ይጠራቸዋል፤ በዚያው ይረሱታል። ልጁ ምንም ሳያውቅ ይነሣል። መንገዱ፣ ጉሙና ገደሉ እንደ ፊተኛው ናቸው፤ ነገር ግን በቅሎዋ ድንጋይ በዘለለች ቁጥር፣ ልጁ ከመኪና ሸሽቶ ዳር በያዘ ቁጥር፣ የሚያዳምጠው ክፍል ዝም ይላል።

ሁለቱንም ጮክ ብለው ካነበቡ በኋላ ልዩነቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲናገሩ ጊዜ ይስጧቸው። የመጀመሪያው ድንገቴ ነው፤ ያስደነግጣል፣ ወዲያውም ያልፋል። በሁለተኛው አንባቢው ልጁ የማያውቀውን ስለሚያውቅ ከደጃፉ እስከ አፋፉ ድረስ አብሮት ይጨነቃል። ብዙ ተማሪ ልብ ሰቀላ ከአንባቢ ነገር በመደበቅ ብቻ የሚገኝ ስለሚመስለው፣ ይህ ንጽጽር ከማንኛውም ትርጓሜ የበለጠ ዐይን ይከፍታል። እናትየዋ መጫኛውን ያዩበት ዐረፍተ ነገር ንግር መሆኑን የምነግራቸውም በዚህ ጊዜ ነው፤ ቃሉ ከሥራው በኋላ ሲመጣ አይረሳም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚሞት ሰው እንደሌለ ማስተዋልም ያስፈልጋል። በአደጋ ላይ ያለው የዘር እህል ነው። በልግ በሚዘራበት ደጋ ያደገ ልጅ ዘሩ ገደል ገባ ማለት ለቤቱ ምን ማለት እንደሆነ አስረጅ አያሻውም፤ በመሆኑም ተማሪዎች ለገጸ ባሕርያቸው «ምን ቢያጣ ነው የሚጎዳው?» የሚለውን ጥያቄ ከመጻፋቸው በፊት እንዲመልሱ ማስለመድ ይገባል።

የጭንቀት መስመር

ከሁሉም ሥራዎች የማስበልጠው ይህን ነው። ከመማሪያ መጽሐፉ ወይም ከቤተ መጻሕፍት ሦስት ወይም አራት ገጽ የሚሆን አጭር ልብ ወለድ ይምረጡና ከ10 እስከ 12 በሚደርሱ ክፍሎች ይከፋፍሉት። ለእያንዳንዱ ተማሪ ቅጂ ማባዛት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ልጆቹ አስቀድመው ፍጻሜውን እንዳያዩ ታሪኩ በመምህሩ እጅ ብቻ ቢኖር ይመረጣል። አንዱን ክፍል አንብበው ያቁሙ። ተማሪዎቹ ሳይነጋገሩ፣ ጭንቀታቸውን ከ0 እስከ 5 ባለ ቁጥር፣ ሥጋታቸውን ደግሞ «አሁን የምፈራው…» ብሎ በሚጀምር አንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ። ከ60 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል በአንድ ወንበር የተቀመጡ ሦስት ልጆች ተስማምተው አንድ ቁጥር ቢሰጡ ጊዜ ይቆጥባል፤ የሚስማሙበት ክርክርም ራሱ ትምህርት ነው።

ንባቡ ሲያልቅ የየክፍሉን ቁጥር ደምረው አማካዩን ያውጡ። ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ቀድዳችሁ ግድግዳ ላይ ዘርጉና በአግድም የታሪኩን ክፍሎች፣ በቁም ከ0 እስከ 5 ያሉትን ቁጥሮች ጻፉበት። ነጥቦቹን በመርፌ ቁልፍ ምልክት አድርጋችሁ በክር አያይዟቸው፤ መንዝ አካባቢ ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሠራበት ፈትል ከብዙ ልጆች ቤት ስለማይጠፋ እኛ የምንጠቀመው እሱን ነው። ከሩቅ የሚታየው ወፍራም ፈትል የተራራ ሰንሰለት መስሎ ይወጣል፤ ተማሪው ሴራ የሚባለውን ነገር በዐይኑ ያያል፤ ጡዘቱንም፣ ማለትም ታሪኩ ከሁሉ በላይ የሚከርርበትን ቦታ፣ በጣቱ ይነካል።

ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ግን ከሥዕሉ በኋላ ባለው ውይይት ነው። መስመሩ ከፍ ባለበት ቦታ ላይ ተመልሰው ያንን ክፍል ደግመው ያንብቡና «ጸሐፊው እዚህ ምን አደረገ?» ብለው ይጠይቁ። ዐረፍተ ነገሩን አሳጠረ? ሰዓቱን ጠቀሰ? ገጸ ባሕርይው ያላየውን ለእኛ አሳየን? ዝቅ ያለበትንም አይዝለሉ። በጥሩ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከጡዘቱ ጥቂት ቀደም ብሎ መስመሩ ይወርዳል፤ ቡና ይፈላል፣ አንድ ሰው ይስቃል፣ ዝናቡ ያባራል። ተማሪዎች ይህን ክፍል ትርፍ ነው ይሉና እንዲሰረዝ ይፈርዳሉ። ያን ጊዜ ያንን የታሪኩን ክፍል ዘልለው ቀሪውን ያንብቡላቸው። ጡዘቱ ሲዳከም ይሰማቸዋል፤ ያላረፈ ልብ እንደገና አይሰቀልምና። ይህ ሥራ ሁለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፤ ለማፋጠን ሲባል ውይይቱ እንዳይቀነስ እመክራለሁ።

ቋንቋችን የሚሰጠን መሣሪያ

በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ የሚመጣው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው። ይህ ጠባይ ለልብ ሰቀላ የተሠራ ይመስለኛል። የሚከተለውን በሰሌዳ ላይ ይጻፉ፦ «እማማ ኩራዙን አንሥተው፣ ነፋሱን በእጃቸው ከልለው፣ የበሩን መወርወሪያ ቀስ አድርገው ስበው፣ ዐንገታቸውን ወደ ጨለማው አውጥተው…»። እዚህ ላይ ያቁሙ። አንባቢው አራት ድርጊት አይቷል፣ ዋናው ግሥ ግን ገና አልተነገረውም። ተማሪዎቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ማሰሪያ ይስጡ፤ «ጮኹ»፣ «ፈገግ አሉ»፣ «ማንንም አላዩም» የሚሉ መልሶች አንዱን ዐረፍተ ነገር ወደ ልዩ ልዩ ታሪክ ይመሩታል። ከዚያም «ሊከፍተው ሲል»፣ «ልትናገር ስትል» የሚለውን አነጋገር ያስተዋውቁ፤ ድርጊቱን አፋፍ ላይ አድርሶ የሚያቆም ከዚህ የተሻለ አጭር መንገድ አላውቅም።

ሁለተኛው መሣሪያ የሚመጣው ከእንቅፋት ነው። ግሣችን ባለቤቱን ስለሚያሳብቅ፣ «መጣ» ወይም «መጣች» ያለ ጸሐፊ የመጪውን ፆታ ገልጧል። ማንነቱን ለማቆየት የፈለገ ተማሪ «በሩ ተንኳኳ»፣ «ኮቴ ተሰማ» ብሎ ድርጊቱን ያለ አድራጊ መግለጽ ይችላል። ከዚህም የረቀቀው «መጡ» የሚለው ቃል ነው፤ አንድን ሰው በአክብሮት፣ ብዙ ሰዎችንም በቁጥር ይገልጻልና። «ሌሊቱ ሲጋመስ መጡ» ተብሎ ሲጻፍ አንባቢው አንድ ሽማግሌ ይሁኑ ወይም አንድ መንጋ ሰው አያውቅም። ተማሪዎች ይህን አሻሚነት ሦስት ዐረፍተ ነገር ድረስ ጠብቀው በአራተኛው እንዲፈቱት ያድርጉ። ይህን መልመጃ ከሠሩ በኋላ የሰዋስው ክፍለ ጊዜ ራሱ ሌላ ጣዕም ያገኛል።

በድምፅና በሰሌዳ የሚሠሩ ሥራዎች

የድምፅ ድራማ ብዙ ዝግጅት አይፈልግም። የክፍሉን አንድ ጥግ በባና ይጋርዱ፤ ተራኪውና ድምፅ ሠሪዎቹ ከጀርባው ይሁኑ። በሰፌድ ላይ የሚንከባለል ገብስ ዝናብ ይሆናል፤ የሚርገበገብ ቆርቆሮ ነጎድጓድ ይሆናል። ለየቡድኑ አንድ ግዴታ ይስጡ፤ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለአምስት ሰከንድ ምንም ድምፅ እንዳይሰማ። ልጆቹ ይህን ዝምታ መጀመሪያ ይፈሩታል፤ በኋላ ከቆርቆሮው ይልቅ እሱን ይመርጣሉ።

ተከታታይ ታሪክን በማስታወቂያ ሰሌዳ ማውጣት ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። አምስት ቡድን በአምስት ሳምንት፣ በየሰኞው 150 ቃል የማይበልጥ ክፍል ይለጥፋል። መጀመሪያ ስንሞክረው እያንዳንዱ ቡድን መጨረሻው ላይ ፍንዳታ ወይም ጩኸት ያስገባ ነበር፤ ቀጣዩ ቡድን ደግሞ «ድመት ነበረች» ብሎ ያመክነው ነበር፤ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ የሌላ ክፍል ተማሪዎች ማንበብ አቆሙ። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣን፦ እያንዳንዱ ክፍል ካለፈው የተረከበውን አንድ ጥያቄ በእውነት ይመልሳል፣ አንድ አዲስ ጥያቄም ይከፍታል። አንባቢ የሚታገሠው ያለፈው ትዕግሥቱ ሲከፈለው ነው።

የራስን ታሪክ መጻፍ

ተማሪው ብቻውን የሚጽፈው ታሪክ በመጨረሻ ይምጣ፤ ወሰኑም ጠባብ ይሁን፦ አንድ ሌሊት፣ አንድ ቦታ፣ ከሦስት ያልበለጡ ገጸ ባሕርያት፣ እስከ 500 ቃል። መቼቱን ከሚያውቁት ይውሰዱ። በሐምሌና በነሐሴ የሚሞላው የጀማ ወንዝ ማዶ የቀረ ሰው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ የጠፋ መብራት፣ የማኅበረሰቡ ደንብ በሚጠብቀው የጓሳ ሣር ላይ በጨለማ ያረፈ ማጭድ፣ ኅዳር ላይ በውርጭ ሌሊት ያልተመለሰ በግ ጠባቂ፤ እነዚህ ሁሉ በቂ ናቸው። ፍጻሜውን አስቀድመው እንዲጽፉና ወደ ኋላ ተመልሰው ንግሩን እንዲተክሉ ያድርጉ፤ ከፊት የሄደ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ መንገድ ይጠፋዋል። በሕልም መጨረስ ክልክል ነው።

አንድ ጉዳይ በጥብቅ ላሳስብ። በቅርብ ዓመታት በአካባቢያችን ባለፈው ግጭት ምክንያት ከቤታቸው የተፈናቀሉ፣ ወገን ያጡ ልጆች በክፍሎቻችን ውስጥ ተቀምጠዋል። የተኩስ ድምፅ በድምፅ ድራማው ውስጥ እንዳይገባ፣ «የፈራችሁበትን ቀን ጻፉ» የሚል ትእዛዝም እንዳይሰጥ። ልጁ ራሱ ሊጽፈው ከፈለገ ይጻፍ፤ ያን ወረቀት መምህሩ ብቻውን ያንብበው፣ ነጥብም አይስጥበት፣ ከልጁ ጋር ግን ቁጭ ብሎ ይነጋገር።

ከ20 ነጥብ ሲታረም ስምንቱን ለሥጋቱ አገነባብ፣ አምስቱን ለንግሩና ለፍጻሜው መገናኘት፣ አራቱን ለቋንቋው፣ ሦስቱን ለፊደልና ለሥርዓተ ነጥብ እሰጣለሁ። ከማረሜ በፊት ግን ታሪኩን ያለ ቀይ እስክሪብቶ አንድ ጊዜ አነበዋለሁ፤ መቀጠል የፈለግሁበትን ቦታ በእርሳስ አሰምርበታለሁ፣ ሐሳቤ የባከነበትንም ቦታ በነጠብጣብ አመለክታለሁ። ተማሪው ወረቀቱን ሲቀበል መጀመሪያ የሚያየው የአንድ አንባቢን ልብ አካሄድ ነው፤ በነጠብጣቡ ላይ ሠርቶ በሳምንቱ ሁለተኛውን ረቂቅ ያመጣል፤ ነጥቡም የሚሰጠው በዚያኛው ላይ ነው።