ከጎንደር ባሕር ማዶ፦ ከትንሽ ልጅ ጋር ለረጅም በረራ ምን እንልበስ?

ጥር ላይ፣ ጥምቀት አልፎ ዘመድ ወደየሀገሩ ሲመለስ፣ ከአዘዞው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ በቦሌ በኩል አውሮፓ ወይም አሜሪካ የሚገባ ቤተሰብ በአንድ ጉዞ ብዙ ዓይነት አየር ያገኘዋል። የጎንደር ንጋት ይበርዳል፣ ቀትሩ ያቃጥላል፣ አውሮፕላን ውስጥ አየሩ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ሲደረስ ደግሞ በረዶ ሊጠብቅ ይችላል። አንድ ወፍራም ልብስ ይህን ሁሉ አይችልም። የሚያዋጣው ስስ ስሱን ደራርቦ እንደ አየሩ ማውለቅና መልበስ ነው።

ድክ ድክ የሚል ልጅ ሲኖር ሌላም ነገር ይታሰባል። ልጁ የበረራውን ትልቁን ክፍል የሚተኛው እናቱ ወይም አባቱ ደረት ላይ ስለሆነ፣ የእናንተ ልብስ የእሱ አንሶላና ትራስ ነው። ጉንጩን የሚቧጭር ጥልፍ፣ የሚሻክር የወርቅማ ክር ጥበብ፣ ትልልቅ ቁልፍና ዚፕ ደረት ላይ አይኑር። ቦርሳ ከመዝጋታችሁ በፊት ልብሱን ለብሳችሁ ልጁን ለግማሽ ሰዓት ያህል አስተኙበት፤ ፊቱ ላይ ምልክት ከተወ ይቀየር።

የእናት ልብስ

ከታች ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሰፊ ሱሪ ወይም ቀሚስ ይሻላል። ቀበቶ ፍተሻ ላይ ማውለቅ ይጠይቃል፣ ልጅ ታቅፎ ደግሞ መልሶ መታጠቁ ፈተና ነው። ቀሚስ ከሆነ ጫፉ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ይበል። ከጎንደር የሚነሳው አውሮፕላን ላይ የሚወጣው በደረጃ ነው፤ ልጅ የያዘ ሰው እግሩ የሚረግጥበትን አያይም፣ ረጅም ቀሚስም ይጠልፋል። ነጠላውንም ሜዳው ላይ ነፋስ እንዳያነሳው አደግድጉት።

ለምታጠባ እናት ከሁሉ የሚበልጠው የአንገቱ አከፋፈት ነው። ጎንደርም ሆነ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ የበለጠ ከፍታ ላይ ስላሉ፣ በረራው ላይ ያለው የአውሮፕላኑ የውስጥ ግፊት እኛ ከለመድነው ብዙም አይርቅም። የልጁ ጆሮ በጣም የሚታመመው ዝቅ ወዳሉት ከተሞች፣ ለምሳሌ ወደ ፍራንክፈርት ወይም ወደ ዋሽንግተን፣ አውሮፕላኑ ሲወርድ ነው። በዚያን ሰዓት መዋጥ ጆሮውን ይከፍትለታል፤ ጡት፣ ጡጦ ወይም ውኃ ይሰጠው። ችግሩ በዚያው ሰዓት ሁሉም ቀበቶ ታስሮ መቀመጥ አለበት። ከታች ተሰብስቦ የሚነሳ ቀሚስ ቀበቶ ከታሰረ በኋላ አይነሳም። ስለዚህ ከአንገት እስከ ደረት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት የሚከፈት፣ በአንድ እጅ ጠቅ የሚል ቁልፍ ያለው ልብስ ያስፈልጋል። ያላችሁ የሐበሻ ቀሚስ አንገቱ ጠባብ ከሆነ ልብስ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ አስከፍቱት፤ ግን ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ፣ እቤት ሞክሩት።

ነጠላ ለዚህ ጉዞ የተሠራ ይመስላል። ሲበርድ ይደረባል፣ ስታጠቡ ይሸፍናል፣ መብራት ሲበዛ የልጁን ዓይን ይጋርዳል። ሦስት ነገር ግን ይስተካከል። አንደኛ፣ አዲስ ነጠላ ጥጡ ስለሚረግፍ የልጁ አፍና አፍንጫ ውስጥ ይገባል፤ ሁለት ጊዜ ይታጠብ። ሁለተኛ፣ ጫፉ ላይ የሚንጠለጠለው ዘርፍ ልጁ በተኛበት ጣቱ ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ይችላል፤ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ስፉት። ሦስተኛ፣ ልጁን ስታለብሱት የመቀመጫ ቀበቶው ከነጠላው በላይ ይታይ። ቀበቶው ከተሸፈነ የበረራ አስተናጋጆች መታሰሩን ለማረጋገጥ ይቀሰቅሷችኋል፣ ልጁም አብሮ ይነቃል። ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች ሆኖ ጭን ላይ ለሚቀመጥ ልጅ ከእናንተ ቀበቶ ጋር የሚያያዝ ተጨማሪ ቀበቶ ይሰጣል፤ ካልሰጧችሁ ጠይቁ።

ጋቢ ይሞቃል፣ ግን አራት ድርብ ስለሆነ ይከብዳል፣ ወተት ከፈሰሰበትም ቶሎ አይደርቅም። ይያዝ፣ ሥራው ግን ስትደርሱ ነው።

ቀለም ላይ ብዙ ሰው ነጭ ወይም ጥቁር ይመርጣል። ነጩ ላይ የጭማቂ ጠብታ፣ ጥቁሩ ላይ የብስኩት ፍርፋሪና የነጠላው ጥጥ ወዲያው ይታያል። ጥቁር አረንጓዴ፣ ቡናማ ወይም የወይን ጠጅ ቀለም ሁለቱንም ይደብቃል። ማማር ከተፈለገ ልብሱ ጌጥ የሌለው አንድ ወጥ ቀለም ይሁንና ጥበቡ ያማረ ነጠላ ይደረብበት፤ የልጁ ሹራብ ከጥበቡ ቀለማት አንዱን ቢይዝ ሳትጨነቁ ያምርባችኋል። ሙሉውን የሐበሻ ቀሚስ 16 ሰዓት ለብሶ መቀመጥ ልብሱንም ሰውነትንም ያጎሳቁላል። አቀባበሉ ላይ መልበስ የምትፈልጉ ጠቅልላችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙትና ከወረዳችሁ በኋላ ቀይሩ።

ፀጉር ከተረሳ መዘዙ ብዙ ነው። ከኋላ የተቋጠረ ፀጉር ጭንቅላትን ወንበሩ ላይ አያሳርፍም። ጠፍጠፍ ብሎ የሚተኛ ሹሩባ ይሻላል፤ ከጉዞው ሁለት ሦስት ቀን አስቀድማችሁ ተሠሩት፣ ትኩስ ሹሩባ ስለሚወጥር ጋደም ሲሉበት ያማል። ሎቲ አውልቁ፣ ልጅ ይጎትተዋል። የልጅቱ ሹሩባ ላይ ዶቃ ካለ ይውጣ፤ ተነቅሎ አፍ ውስጥ ከገባ ያንቃል።

ቁጭ ሲባል እግር ያብጣል። ጫማው ለቀቅ ያለ፣ ያለ እጅ የሚገባና የሚወጣ ይሁን። በካልሲ ብቻ መጸዳጃ ቤት አትግቡ፣ ወለሉ ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው።

ልጁስ?

ከውስጥ ስስ የጥጥ ካናቴራ፣ ከላይ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪ፣ በላዩ ደግሞ ከፊት የሚከፈት ሹራብ። በራስ የሚጠለቅ ሹራብ አይሁን፤ ልጁ ተኝቶ ሳለ ቢሞቀው ሳይነቃ ማውለቅ አይቻልም። ሞቆት ወይም በርዶት እንደሆነ የምታውቁት ማጅራቱን ነክታችሁ ነው። እጅና እግሩ ደህና ሆኖም ይቀዘቅዛል።

ከአንገት እስከ እግር አንድ የሆነ ቱታ ሲታይ ያምራል፣ አውሮፕላን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ግን ጣጣ ነው። ዳይፐር የሚቀየርበት ተጣጣፊ ጠረጴዛ ጠባብ ነው፤ ቱታው ሙሉ ሲወልቅ እጅጌው እርጥቡ ወለል ላይ ይውላል። ዳይፐር የተወ ልጅም ለበረራው ቢደረግለት ይሻላል፣ የቀበቶ መብራት ሲበራ ተነስቶ መሄድ አይፈቀድም።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። ከቤት ወጥታችሁ እስክትደርሱ 24 ሰዓት ቢፈጅ፣ በየ3 ሰዓቱ አንድ ዳይፐር 8፣ መጠባበቂያ 4፣ በድምሩ 12። ቅያሪ ልብስ ለልጁ 3፣ ለእናት አንድ ሙሉ፣ ለአባት አንድ ካናቴራ። እያንዳንዱ ቅያሪ ለብቻው በፌስታል ይታሰር፤ የቆሸሸው በዚያው ፌስታል ይመለሳል። ሁሉም እጅ ሻንጣ ውስጥ ይሁን።

ዛጎል ያለበት የቆዳ አንቀልባ ያምራል፣ ግን ፍተሻ ላይ ልጁ ወርዶ እሱ በማሽን ያልፋል፣ ሲታጠፍም ቦታ ይይዛል። የጨርቅ ማዘያ ይበቃል። የሚያበራና የሚጮህ ጫማ ለሌላ ቀን ይቆይ።

ብዙ ረጅም በረራዎች ከቦሌ የሚነሱት በምሽት ነው። ወደ በሩ ከመሄዳችሁ በፊት ልጁን አጥባችሁ፣ ፒጃማ አልብሳችሁ፣ ከንፈሩንና ጉንጩን ቫዝሊን ቀቡት፤ ደረቁ አየር ያሰነጥቀዋል።

ስትደርሱ

ወፍራሙ ጃኬት ከአውሮፕላን ወርዳችሁ ወደ ውጭ ስትወጡ ይለበስ። ዘመድ በመኪና ሊቀበላችሁ ከመጣና የልጅ ወንበር ካለው፣ መኪናው ውስጥ ጃኬቱን አውልቁለት። የጃኬቱ ሙሊት በአደጋ ጊዜ ስለሚጨመቅ፣ የጠበቀ የመሰለው ቀበቶ ይላላል። መጀመሪያ ቀበቶውን በስሱ ልብስ ላይ አጥብቁ፤ ትከሻው ላይ ቀበቶውን በሁለት ጣት ቆንጥራችሁ ማጠፍ ከቻላችሁ ገና ላላ ነው፣ ጨምሩ። ከዚያ ጋቢውን ከላይ ደርቡለት።