መጀመሪያ ሙዋኩን አስይዟቸው

ጋምቤላ፣ ኩሌ የስደተኞች ካምፕ ነርስ ሆኜ ስሠራ እዚያው ከሚኖሩ ደቡብ ሱዳናውያን የተመረጡ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞችን አሠለጥን ነበር። በመጀመሪያው ዙር ሁለት ቀን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ ሳወራ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ቤት ለቤት ስንወጣ ልጅ በትክክል የለካ አንድም ሰው አልነበረም። ጥፋቱ የኔ ነበር። እናንተ ስታሠለጥኑ ከመጀመሪያው ጠዋት ጀምሮ ሙዋኩን፣ ማለትም የልጅን ክንድ ዙሪያ እየለካ የምግብ እጥረትን የሚያሳየውን ባለ ቀለም ጥብጣብ፣ አስይዟቸው።

ሠልጣኝ ስትመርጡ እንግሊዝኛ በሚችል ሰው ብቻ አትሳቡ። ጎረቤት ሌሊት ልጅ ሲታመምበት በሯን የሚያንኳኳባትን እናት ፈልጉ። እሷ ገና «ማሌ» ብላ ሰላምታ ስትሰጥ ቤቱ ይከፈትላታል።

የሚለካው ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ልጅ ነው። ግራ ክንዱን አጥፋችሁ ከትከሻው ጫፍ እስከ ክርኑ ያለው ርቀት እኩሌታ ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ክንዱ ዘና ብሎ ይውረድ፤ ሙዋኩን ምልክቱ ላይ ጠቅልሉ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፤ ልጁ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ጥብጣቡ ሲጠብቅ ወይም ሲላላ ነው። ከጠበቀ ጤነኛው ልጅ ቢጫ ይሆናል፤ ከላላ የተጎዳው አረንጓዴ መስሎ ያልፋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኼኛው ነው። ስለዚህ አንዱን ልጅ ሁለት ሠልጣኞች ይለኩት፤ አንዱ የሌላውን ቁጥር አይይ። ከተራራቀ ይደገም። እብጠት መኖሩን ለማየት ሁለቱንም እግር በአውራ ጣት ጫን ማለትም አይረሳ። ጎድጉዶ ከቀረ፣ ክንዱ አረንጓዴ ቢሆንም ልጁ ይላካል።

የሳንባ ምች ለመለየት ትንፋሽ ሲቆጥሩ ልጁ እናቱ እቅፍ ላይ ይሁን፤ እያለቀሰ አይቆጠርም። ሙሉ 1 ደቂቃ ነው፣ ግማሽ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት የለም። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና በላይ ከሆነ ፈጣን ነው።

ኦአርኤስ (ተቅማጥ ለያዘው ልጅ በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት) በቤቱ ዕቃ ይበጥብጡ። ካምፕ ውስጥ ጀሪካን እንጂ መለኪያ ብርጭቆ የለም። የ1 ሊትር ሃይላንድ ካለ ይበቃል፤ አንድ ፓኬት፣ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ። 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ።

ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ሁለት ሳምንት አብራችኋቸው ዙሩ። ቤት ውስጥ ስትገቡ ግን ዝም በሉ፤ ሠልጣኟ ትናገር፣ እርማቱን ውጭ ስትወጡ ለብቻዋ ንገሯት። ክረምት ሳይገባ ደግሞ ቦት ጫማ ይታደላቸው፣ የዚያ አገር ጭቃ በነጠላ ጫማ አያስኬድም።