ረጅም የጋማ ጨረር ፍንዳታዎችን ሲከታተሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጋማ ጨረር ፍንዳታ፣ ማለትም ከሩቅ ጋላክሲ የሚመጣ አጭርና እጅግ ኃይለኛ የጋማ ጨረር ብልጭታ፣ ቀጠሮ አይሰጥም። ማስጠንቀቂያው ከሳተላይት ሲደርስ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው በአንድ መንገድ ነው፦ ስም ለማውጣት እንቸኩላለን፣ ለማየት እንዘገያለን።

የመጀመሪያው ስህተት ዕድሜውን አይቶ ዘሩን መናገር ነው። ከ2 ሰከንድ በላይ የቆየ ሁሉ የግዙፍ ኮከብ ሞት ይባላል። ወሰኑ ግን የተገኘው ኮምፕተን የተባለው ሳተላይት ከመዘገባቸው ፍንዳታዎች አሃዝ ነው እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። እርግጥ በ2003 (እ.ኤ.አ.) የታየው ጂአርቢ 030329 (ጂአርቢ የጋማ ጨረር ፍንዳታ የእንግሊዝኛ ምህጻር ነው፤ ቁጥሩ የታየበት ዓመት፣ ወርና ቀን ነው) ብርሃኑ ሲደበዝዝ ከሥሩ ሱፐርኖቫ፣ ማለትም የሚሞት ግዙፍ ኮከብ ፍንዳታ፣ ብቅ ብሏል። ጂአርቢ 211211ኤ ግን 50 ሰከንድ ያህል ቆይቶም ያስከተለው ኪሎኖቫ ነበር፤ ይህም ከኒውትሮን ኮከቦች (እጅግ ጥቅጥቅ ካሉ የሞቱ ኮከቦች) ግጭት የሚጠበቅ ብርሃን ነው። በ2023 ጂአርቢ 230307ኤ ነገሩን ደገመው፤ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕም በብርሃኑ ውስጥ በእንዲህ ያለ ግጭት የሚፈጠር ከባድ ንጥረ ነገር የሆነውን የቴሉሪየምን ምልክት አገኘ። ስለዚህ ፍንዳታው ቅርብ ከሆነ ለሳምንታት ይከታተሉት፤ ኢንፍራሬዱንም (ከቀይ ባሻገር ያለውን ለዓይን የማይታይ ብርሃን) አይተዉ። ኪሎኖቫ ቀለሙ ቶሎ ወደ ቀይ ያደላል፣ ቶሎም ይጠፋል።

ሁለተኛው በየምሽቱ አንድ ፎቶ እያነሱ ተከታተልኩ ማለት ነው። የቅሪት ብርሃኑ (ከፍንዳታው በኋላ ቀስ በቀስ የሚከስመው ብርሃን) ድምቀት በግምት ከጊዜው ጋር በተገላቢጦሽ ይቀንሳል። በ10ኛውና በ100ኛው ደቂቃ መካከል ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ሁለተኛው ግን የሚቀንሰው በግማሽ ያህል ነው። የምልከታው ልዩነት በደቂቃ ተጀምሮ በሰዓት፣ ከዚያም በቀን እየሰፋ ይሂድ። በ2008 የታየው ጂአርቢ 080319ቢ ብርሃኑ ከ7 ቢሊዮን ዓመት በላይ ተጉዞ እንኳ ለግማሽ ደቂቃ ያህል በዓይን ሊታይ የሚችል ነበር። ለግማሽ ደቂቃ!

"አልታየም" ብሎ መዝጋትም አለ። በሚታየው ብርሃን የጠፋ ፍንዳታ በአቧራ ተሸፍኖ ወይም እጅግ ርቆ ሊሆን ይችላል። ሬድሺፍቱ (ብርሃኑ በጉዞው የተለጠጠበት መጠን፤ ሲበዛ ርቀቱም ይበዛል) 8.2 የሆነው ጂአርቢ 090423 የተገኘው በኢንፍራሬድ ነው፤ በመንገዱ ያለው ሃይድሮጅን የሚታየውን ብርሃን ውጦታልና። ያላዩት ነገር ሲኖር እስከ ስንት ማግኒቲውድ (የድምቀት መለኪያ)፣ በየትኛው የቀለም ማጣሪያ፣ በስንት ሰዓት እንደፈለጉት ይጻፉ። እነዚህ የሌሉበት "አልታየም" ለማንም አይጠቅምም።

ዜሮ ሰዓትን፣ ማለትም ፍንዳታው የጀመረበትን ቅጽበት፣ በተሳሳተ ቦታ መጀመር ለእኔ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ስህተቱ አይታይምና። እስካሁን ከተመዘገቡት ሁሉ እጅግ ደማቅ የሆነውን ጂአርቢ 221009ኤን ፌርሚ ሳተላይት የመዘገበው በዩቲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) 13:17 ነበር። ስዊፍት የተባለው ሌላ ሳተላይት ቅሪት ብርሃኑን ያየው በ14:10 ላይ ሲሆን፣ ቦታው በፍኖተ ሐሊብ ወገብ አጠገብ ስለነበር መጀመሪያ የራሳችን ጋላክሲ ምንጭ መስሎ ነበር። ከስዊፍት ሰዓት የቆጠረ ሰው የመደብዘዙን ፍጥነት አዛብቶ ያሰላል። የፍኖተ ሐሊብን አቧራ ሳያርም ቀለም የለካ ደግሞ ምንጩን ከእውነቱ የቀላ አድርጎ ያያል።

ልዩ ልዩ ሞገዶችን ማጣመር የራሱ ወጥመድ አለው። የጠዋት ኤክስሬይንና የማታ ኢንፍራሬድን እንዳሉ በአንድ ግራፍ ላይ መደርደር የሌለ ቅርጽ ይፈጥራል፤ መጀመሪያ ሁለቱንም ወደ አንድ ሰዓት ያምጡ። በአንድ ሞገድ ብቻ የታየ ስብራትም (መደብዘዙ በድንገት የሚፈጥንበት ነጥብ) የጄቱ፣ ማለትም ፍንዳታው የሚረጨው ጠባብ ፍሰት፣ ስፋት ማስረጃ አይሆንም። የጄት ስብራት ከሆነ በኤክስሬይም በሚታየው ብርሃንም በአንድ ጊዜ መታየት አለበት።

ራዲዮው ሌላ ጠባይ አለው፤ የሚታየው ብርሃን ሲከስም እሱ ገና እየጨመረ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ አካባቢ ቢዋዥቅ መሣሪያዎን አይውቀሱ። በ1997 የጂአርቢ 970508 ራዲዮ ብርሃን እንደ ኮከብ ሲርገበገብ ቆይቶ ከሳምንታት በኋላ ረጋ፤ ተመራማሪዎችም ከዚሁ የምንጩን ስፋት ገመቱ።

በመጨረሻ ብርሃኑ መቀነሱን ካቆመ የሚያዩት የእናት ጋላክሲውን ሊሆን ይችላል። ከዓመት በኋላ ተመልሰው ያንኑ ቦታ በዚያው ማጣሪያ ያንሱና ከቀድሞዎቹ ምስሎች ይቀንሱት።