አያትና የልጅ ልጅ፦ ኮሜዲ ስክሪፕት ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሰሞኑን ሌላ ስክሪፕት ደረሰኝ። ወላጆች መንገድ ይሄዳሉ፣ አያቶች ልጆቹን ሊጠብቁ ይመጣሉ። ገጽ 3 ላይ አያትየው ስልኩን ገልብጠው ጆሯቸው ላይ ይለጥፋሉ። እዚያው ዘጋሁት።

እባካችሁ፣ በቃ! አያት ስልክ አይችሉም፣ ታብሌቱን ትሪ ያደርጉታል፣ ከሚያወራው ማሽን ጋር ይጣላሉ። ይህ ቀልድ ከአያትየው በላይ አርጅቷል። ዛሬ እኮ ቪዲዮ ሲልኩ የሚውሉት እነሱ ናቸው! የባሰው ጉዳት ደግሞ ሌላ ነው። አያትን ቂል ካደረጋችኋቸው ማን ይከራከራቸዋል? የሚያስቀው ሁለቱም ወገኖች በየራሳቸው ልክ ሲሆኑ ነው። ለገዛ ልጃቸው ከረሜላ የከለከሉ አባት፣ ዛሬ ለልጅ ልጃቸው በድብቅ ኪሳቸውን ሲያራግፉ ተያዙ እንበል። «አባዬ፣ እኔን እኮ ከልክለኸኝ ነበር!» ትላለች እናትየው። ሳቁም ቁጭቱም እዚህች ውስጥ አለ። ፊልሙ ይሄ ነው፤ ስልኩን ተዉት።

ሕፃናት እንደ ፈላስፋ አያውሩ።

ወላጆቹን ቶሎ ሸኟቸው። ይህንን የምለው በራሴ ደርሶ ነው። የመጀመሪያ ስክሪፕቴ ላይ እነሱን ከቤት ለማስወጣት 22 ገጽ ፈጀሁ። ሻንጣው፣ ትኬቱ፣ የፓስፖርት ጣጣው ሳይቀር። ፕሮዲውሰሩ «አያቶቹ መቼ ነው የሚመጡት?» ብሎ መለሰልኝ። ያኔ ተናድጄ ነበር።

መጨረሻ ላይ ሁሉም ድንገት ተቃቅፎ ማልቀሱም አይሠራም። እንባው ቀድሞ ይዘራ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን «ፓረንታል ጋይዳንስ» የተባለ የአሜሪካ ፊልም እዩ። ቢሊ ክሪስታል የሚጫወቱት አያት የቤዝቦል ጨዋታ አስተላላፊ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ደግሞ ይንተባተባል። መጨረሻ ላይ ልጁ መድረክ ላይ ወጥቶ እ.ኤ.አ. የ1951ዱን ዝነኛ የቤዝቦል ጨዋታ የራዲዮ ስርጭት ሳይደናቀፍ ይወጣዋል። ፊልሙ እንከን አለበት፣ ግን ያቺ ቦታ አንጀት ትበላለች። የአያትየው ሥራና የልጁ ምላስ ከመጀመሪያው አብረው ሲጓዙ ነበራ።

ጀማሪዎች ፈጽሞ የማያስቡት ደግሞ ቀረጻውን ነው። የ4 ዓመት ልጅ በየትዕይንቱ ትጽፋላችሁ። የካሊፎርኒያን ሕግ ብንወስድ፣ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቀረጻ ቦታ ቢቆይ 6 ሰዓት፣ ከዚያ ውስጥ የሚሠራው 3 ሰዓት ብቻ ነው። ወይ እየተፈራረቁ የሚጫወቱ መንታ ፈልጉ፣ ወይ ልጅቷን በጊዜ አስተኟት። እሷ እንዳትነቃ አያቶቹ ሳሎን ውስጥ በሹክሹክታ ሲጣሉ ከጩኸቱ በላይ ያስቃል።