ላንድክሩዘሬ አልሞቅ ሲል

መኪናዋን የሸጠልኝ ሰው መጨረሻ ላይ የነገረኝ ነገር፣ «ይቺ መኪና አፋር ወርዳ እንኳ አፍልታ አታውቅም» የሚል ነበር። እውነቱን ነው። እኔ ግን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እዚህ ጠዋት መስታወት ላይ ውርጭ ሲጋገር፣ የማያፈላ ሞተር ሳይሆን የሚሞቅ ሞተር ነው የሚያስፈልገው።

መኪናዋ በፈረንጅ 1993 የተሠራች 75 ሃርድቶፕ ናት፣ ሞተሯ 1ኤችዜድ፣ ባለ 6 ሲሊንደር 4.2 ሊትር ናፍጣ። በገዛኋት በመጀመሪያው ሳምንት የሙቀት ጌጁ ቀስት ከታችኛው ምልክት ትንሽ ብቻ ከፍ ብሎ ሲቆም ደስ አለኝ። ሁለት ወር ስነዳት ግን ነገሩ ተገለጠልኝ። ጠዋት ጠዋት ነጭ ጭስ ለረጅም ጊዜ ታጨሳለች፤ ናፍጣ ትጠጣለች፤ ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ማሞቂያውን ብከፍት የሚመጣው ነፋስ ነው። የዘይት ክዳኑን ስከፍት ደግሞ ከስሩ ወተት የመሰለ አረፋ ተለጥፎ አገኘሁ።

ያን አረፋ ያየ አንድ መካኒክ ወዲያው «ቴስታታው ይውረድ፣ ጓርኒሲዮኑ በልቷል» አለኝ። ቴስታታ የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን ነው፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ ከስሩ ያለው ማሸጊያ። ልብ በሉ፣ ጓርኒሲዮን ሲበላ ውሃ ይጎድላል፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይንቦጫረቃል፣ ብዙ ጊዜም ሞተሩ ይግላል እንጂ አይቀዘቅዝም። ሞተር በቅጡ ሳይሞቅ ሲቀር ውስጡ የሚጠራቀመው እርጥበት ሳይተን ይቀርና ከዘይት ጋር ይመታል፤ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ያለው የዘይት ክዳን ላይ መጀመሪያ ይታያል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነና የራዲያተሩ ውሃ ካልቀነሰ፣ ቴስታታ ለማውረድ አትቸኩሉ። እኔ ያን ቀን መኪናዬን አስነስቼ ወደ ቤት ሄድኩ።

የመጀመሪያው ሥራ ምንም መፍቻ አይፈልግም፤ ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ውሃውን ማየት ነው። የጌጁ ሴንሰር በትክክል የሚያነበው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሲቆይ ነው። ውሃው ጎድሎ ሴንሰሩ አየር ላይ ከቀረ፣ ሞተሩ እየተቃጠለ ቀስቱ «ቀዝቃዛ ነኝ» ሊል ይችላል። ስለዚህ መንገድ ላይ ቀስት በድንገት ሲወርድ የምትቆሙት ቀስት ሲወጣ ከምትቆሙት በላይ ፈጥናችሁ ይሁን። ክዳኑን ግን ሞተሩ ትኩስ ሳለ አትንኩት።

ውሃው ሙሉ ከሆነ ቀጥሎ የሚጠየቀው ጌጁ ራሱ ነው፤ የ30 ዓመት ሽቦ ይዋሻል። በዚህ ዓይነት መኪና ሴንሰሩ ሲሞቅ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ይቀንሳል፤ መቋቋሙ ሲቀንስ ቀስቱ ይወጣል። ስለዚህ የዛገ ሶኬት ወይም የላላ ሽቦ ሁልጊዜ ወደ ቀዝቃዛው ያዳላል። ቁልፉን ከፍታችሁ የሴንሰሩን ሽቦ ንቀሉት፤ ቀስቱ እታች ይተኛል። ያንኑ ሽቦ በትንሽ የዳሽቦርድ አምፖል በኩል ከሞተሩ ብረት ጋር ለአፍታ አገናኙት፤ ቀስቱ ወደ ላይ መሄድ አለበት። ከሄደ ጌጁና ሽቦው ደኅና ናቸው፣ የሚቀረው ሴንሰሩ ነው። እሱን ለመፈተን እኔ በርቀት የሚለካ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ተዋስኩ። የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ብታነጣጥሩት ከእውነተኛው ያነሰ ያነባል፤ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ለጥፋችሁ እሱ ላይ ለኩ። ከ20 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ 58 ዲግሪ አነበበልኝ። ጌጁ እውነቱን ነበር።

ቀጥሎ የእጅ ፈተና። ሞተሩን ከብርድ አስነሱና ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ ራስ የሚሄደውን የላይኛውን ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) ያዙት። ጋቢ ከለበሳችሁ አውልቁት፣ ፋኑ ቀልድ አያውቅም። ጤነኛ ሞተር ላይ ማኒኮቶው ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው ቁራጭ) ሲከፈት በአጭር ጊዜ ውስጥ ይግላል። የኔዋ ገና ከመነሻው ከሞተሩ ጋር አብራ ለብ ለብ ማለት ጀመረች። ይህ ከሆነ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል፣ አለዚያም ጨርሶ የለም።

የማኒኮቶውን መጨረሻ ተከትዬ የቴርሞስታቱን ቤት ቡሎኖች ፈታሁ። ባዶ። ጓርኒሲዮኑ ብቻ ተቀምጧል።

በአገራችን ጋራዦች ይህ የተለመደ ነው። መኪና አዋሽ ወይም ሸዋ ሮቢት ላይ ሲያፈላ የመጀመሪያው መድኃኒት «ቴርሞስታቱን አውጣው» ነው፤ ምክንያቱም የዘጋ ራዲያተር ከማጠብ አንድ ቁራጭ ማውጣት ይቀላል። እኔ የምጣላው እዚህ ላይ ነው። የእነዚህ ቶዮታዎች ቴርሞስታት ሁለት ሥራ አለው። ላይኛው አፉ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን መንገድ ይከፍታል፤ ከስሩ ያለችው ትንሽ ሰሃን ደግሞ በዚያው ቅጽበት ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ ወደ ውሃ ፖምፓው የሚመለስበትን አቋራጭ ትዘጋለች። አውጥታችሁ ስትጥሉት አቋራጩ ለዘላለም ክፍት ይሆናል። በደጋ ቀላል ጉዞ ላይ ሞተሩ አይሞቅም፤ ጭነት ይዞ ቆላ ውስጥ ዳገት ሲወጣ ደግሞ ከፊሉ ትኩስ ውሃ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። ለሙቀት ብለው ያወጡት ነገር በሙቀትም አይጠቅምም ማለት ነው።

አዲሱን ስገዛ ላዩ ላይ የታተመውን ቁጥር አየሁ፤ 82 ይላል፣ መከፈት የሚጀምርበት ዲግሪ ነው። ሳልገጥመው ፈተንኩት፦ አፉን በጥፍሬ ከፍቼ ክር አስነከስኩትና ክሩን ይዤ አሮጌ ድስት ውስጥ አንጠለጠልኩት፣ ድስቱን ሳይነካ። ውሃው ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ክሩን ለቆ ወደቀ። በዚያች ቅጽበት ቴርሞሜትሩ 82 አካባቢ መሆን አለበት። ገና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከወደቀ መልሱት።

እዚህ ላይ የደጋ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። እንዲህ ያለው ቴርሞስታት ሙሉ ለሙሉ የሚከፈተው 95 ዲግሪ ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ላይ ስላለች ውሃ እዚህ ድስት ውስጥ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባም 92 ገደማ። ስለዚህ ውሃው እየተንተከተከ ቴርሞስታቱ ግማሽ ብቻ ቢከፈት ብልሽት አይደለም። መኪናው ውስጥ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ውሃው ከዚያ በላይ ሳይፈላ ይሞቃል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ካላችሁ በዚሁ ቀይሩት።

ፋኑንም ብዙ ሰው ይከሳል። የፋኑ ክላች ተጣብቆ ሁልጊዜ የሚጮህ ከሆነ ናፍጣ ይበላል፣ ይረብሻል፤ ነገር ግን የሚሠራ ቴርሞስታት ካለ ብቻውን ሞተሩን እስከ 58 ዲግሪ አያወርደውም። ራዲያተሩ ፊት ለፊት ካርቶን መለጠፍም መፍትሔ አይደለም፤ በብርድ የሚያስነሱ ሹፌሮች ሁሉ የሚያውቁት ዘዴ ነው፣ ግን ካርቶኑን ረስተው ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ድረስ የወረዱም አውቃለሁ።

ስትገጥሙት ትንሿ የምትንቀጠቀጥ ፒን ወደ ላይ ትሁን፤ አየሩ የሚወጣው በእሷ ነው። የድሮውን ጓርኒሲዮን ፍቃችሁ አንሱ፣ ቡሎኑን ከመጠን በላይ አትጭኑት። ውሃ ስትሞሉ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አድርጉት፣ ክዳኑን ክፍት ትታችሁ ሞተሩን አሠሩ፤ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ዝቅ ይላል፣ ጨምሩ። በማግስቱ ጠዋት በቀዝቃዛው ደግማችሁ እዩት፤ የኔዋ ግማሽ ሊትር ያህል ጎድላ ነበር።

አሁን ጣርማ በር እስክደርስ ቀስቱ ከመሃል ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆማል፣ ፕላስተሩ ላይ 83 አነባለሁ። ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል በማርሽ ስወርድ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ናፍጣ ሞተር የሚያቃጥለው ነገር ስለሌለው ነው፣ አያስደንግጣችሁ። ሸዋ ሮቢት ላይ መጠነኛ ከፍ አለ፣ አላፈላም። ናፍጣውም በ100 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ተኩል ያህል ቀንሷል። የዘይት ክዳኑን አረፋ ጠርጌ ዘይት ቀየርኩ፤ ተመልሶ አልመጣም።

አንድ ነገር ጨምሬያለሁ። የቴርሞስታቱ ቤት ላይ በነጭ ቀለም «ቴርሞስታት አለው፤ አይወጣም» ብዬ ጻፍኩበት። ባለፈው ወር ዘይት ልታስቀይር የሄደች ልጄ እንደነገረችኝ፣ መካኒኩ አንብቦት ስቋል። ግን አላወጣውም።