በመንገድ ሥራ ወጣት የምታሠሩ ሰዎች፣ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

መጀመሪያ አቆጣጠሩን እናስተካክል። 100 ወጣት ለ10 ቀን ድንጋይ ቢጠርብ 1,000 የሥራ ቀን ነው። አንድ ሰው በዓመት 250 ቀን ይሠራል ካልን የ4 ሰው የዓመት ሥራ ማለት ነው። ሪፖርቱ ላይ ግን «ለ100 ወጣቶች የሥራ ዕድል ተፈጠረ» ተብሎ ይጻፋል። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ጽፌ ፈርሜያለሁ፤ አሁን ይቆጨኛል። የስም ዝርዝር አትቁጠሩ፣ የሠሩበትን ቀን ቁጠሩ።

ክፍያ ማዘግየት። ይሄን ሳስብ ደሜ ይፈላል። ትልቅ ኮንትራክተር ክፍያ ሦስት ወር ቢዘገይበት ባንክ ይሄዳል፤ ድንጋይ ጠራቢው ልጅ ግን ማታ የሚበላው ዛሬ የሠራውን ነው። አንድ ከተማ ላይ 20 ልጆች ያሉበት ጎበዝ የኮብልስቶን ማኅበር ነበረን። ድንጋዩ ተቆጠረ፣ ተረከብን፣ የክፍያ ሰርተፍኬቱ ተዘጋጀ፣ ከዚያ አንድ ፊርማ ጎደለና ወረቀቱ ከፋሲካ እስከ ክረምት መግቢያ ጠረጴዛ ላይ ተኛ። ልጆቹ በዱቤ በሉ። ምግብ የምትሸጥላቸው ሴትዮ ዱቤውን ዘጋች፤ ምን ታድርግ፣ እሷም እኮ ያቺን የቆርቆሮ ቤት የከፈተችው እነሱን ተስፋ አድርጋ ነው። ቀጥሎ መሮና መዶሻቸውን ሸጡ። ገንዘቡ ሲለቀቅ ከ20ው የቀሩት 6 ነበሩ።

ስለዚህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማን እንደሚፈርም፣ እሱ ፈቃድ ሲወጣ ማን እንደሚተካው በጽሑፍ ይቀመጥ። በየ15 ቀኑ ለክታችሁ ክፈሉ። በጀቱ እጃችሁ ካልገባ ልጆቹን አትጥሩ። በቃ።

ሌላው፣ የጨረታ ሰነዱ ስለ ሰው ጉልበት አንድም ቃል ሳይል ከኮንትራክተሩ የሥራ ዕድል መጠበቅ ነው። ሰውየው ኤክስካቫተር ካለው በሱ ያስቆፍራል፣ አይፈረድበትም። ኮብልስቶን ከድሬዳዋ ተነስቶ በየከተማው ሲስፋፋ ያን ሁሉ ወጣት ያሠራው፣ መጥረቡም ማንጠፉም የእጅ ሥራ ስለሆነ ነው። የቦይ ቁፋሮውን፣ ግንቡን፣ ንጣፉን ለሰው እንዲሰጥ ሰነዱ ላይ አስጽፉ። አፈር መጠቅጠቁን ግን ለሮለር ተዉት፤ በደንብ ያልተጠቀጠቀ መንገድ ክረምት ሲገባ ይሰምጣል።

የውኃ ቧንቧና የቴሌ መስመር ሳይቀበር ድንጋይ አታንጥፉ።

መነጽር ሳትሰጡ መዶሻ አታስይዙ። የድንጋይ ፍንጣሪ ዓይን ያጠፋል።

ገጠር ላይ ከሆናችሁ የእርሻ ወቅትን አትሻሙ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር ሴፍቲኔት (የምግብ እጥረት ያለባቸውን ቤተሰቦች እያሠራ እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጠው ፕሮግራም) የማኅበረሰብ ሥራውን በዓመት 6 ወር ብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥር እስከ ሰኔ የሚያሠራው ገበሬው ማሳውን ጥሎ እንዳይመጣ ነው።

ጥገናን ደግሞ ሁሉም ይረሳዋል። መንገዱ ተመርቆ ልጆቹ ይበተናሉ፤ ከሁለት ክረምት በኋላ ድንጋዩ መነቀል፣ ቦዩ በደለል መሞላት ይጀምራል፣ ሥራውን የሚያውቁት ልጆች ግን የሉም። ከማኅበሩ አራት አምስት ሰው በዓመት የጥገና ኮንትራት አስቀሩ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ግን በየዓመቱ የሚመጣ ሥራ ነው። ባለፈው ክረምት በአንድ ሠፈር ሳልፍ ሦስት ሰዎች ዝናብ እየወረደባቸው ቦይ ሲጠርጉ አገኘሁ። ሁለቱን በጠራቢነታቸው ጊዜ አውቃቸዋለሁ፤ አንደኛው ልጁን ትምህርት ቤት እንዳስገባ ነገረኝ።