ወለምታ ነው ብላችሁ ከማሳሸታችሁ በፊት

የስፖርት መምህር ነኝ። ሜዳ ላይ ልጅ ሲወድቅ መጀመሪያ የማየው እጁን ነው። አንዱን እጅ በሌላው ደግፎ ደረቱ ላይ ለጥፎ ከመጣ ነገሩ ገብቶኛል። «ቲቸር፣ ወለም አለኝ» ይላል። ወለም አለ የምንለው ነገር ምን እንደሆነ ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም። እኔም የገባኝ ራሴ ከተጎዳሁ በኋላ ነው።

የእጅ አንጓ አንድ አጥንት አይደለም። ከክንድ በኩል 2 ረጃጅም አጥንቶች ይመጣሉ። ከእነሱ ቀጥሎ እንደ ጠጠር የሚያህሉ 8 ትንንሽ አጥንቶች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። እነዚህን አንድ ላይ አስሮ የያዛቸው ጅማት ነው። ጡንቻን ከአጥንት የሚያገናኘውንም ጅማት እንለዋለን፤ እዚህ የማወራው ግን አጥንትን ከአጥንት ስለሚያስረው ነው። ወለምታ ማለት ይህ ማሰሪያ ከአቅሙ በላይ ሲሳብ ነው። ተለጥጦ ብቻ ሊቀር ይችላል። በከፊል ሊበጠስ ይችላል። ጭርሱን የሚበጠስበትም ጊዜ አለ። «ጅማቱ ዞሯል» ሲባል እሰማለሁ። ጅማት አይዞርም። ስለዚህ ታሽቶ ወደ ቦታው የሚመለስ ነገር የለም።

ዋናው መንስኤ መውደቅ ነው። ሰው ሲያዳልጠው ሳያስበው እጁን ይዘረጋል። መዳፉ መሬት ይመታል፤ አንጓው ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ የመላ ሰውነቱ ክብደት እዚያች ቦታ ላይ ያርፋል። የክረምት ጭቃ፣ የረጠበ ሴራሚክ፣ ብስክሌት፣ ሞተር ሳይክል፣ ሁሉም መጨረሻቸው ይኸው ነው። ሜዳ ላይ ደግሞ በረኛው በቅርብ የተመታ ኳስ በመዳፉ ሲመልስ፣ መረብ ኳስ ተጫዋች ሲከላከል ኳሱ እጁን ወደ ኋላ ሲገፋው ይደርሳል። ሳይወድቁ አንጓቸውን የሚያማቸው አሉ፤ ቀኑን ሙሉ ልብስ ሲያጥቡና ሲጨምቁ የሚውሉ፣ ሕፃን የሚያቅፉ አዲስ እናቶች። ያ ከመደጋገም የሚመጣ ሌላ ሕመም ነው፤ ከወለምታ ጋር አታምታቱት።

የእኔ እንዲህ ነው የሆነው። ሰኔ መጨረሻ፣ ፈተና አልቆ፣ ኳሶች በከረጢት ተሸክሜ ወደ ዕቃ ክፍል ስወርድ የረጠበ ደረጃ አዳለጠኝ። ቀኝ እጄን ዘረጋሁ። ብዙም አላበጠም። ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ። «ከተንቀሳቀሰ አልተሰበረም» ብዬ የሰፈራችን ወጌሻ ጋ ሄድኩ። በቅባት አሸኝ፣ ሳበኝ፣ አሰረኝ። ሰውየው በቅንነት ነው ያደረገው። ከ3 ሳምንት በኋላ ግን የበር ቁልፍ ማዞር አቃተኝ። ራጅ ስነሳ ከአውራ ጣት ሥር ያለችው ስካፎይድ የምትባለው ትንሽ አጥንት ተሰብራለች። 10 ሳምንት በጄሶ ቆየሁ። የአዲስ ዓመት ዶሮ በግራ እጄ ነው የበላሁት።

ስካፎይድ ላይ ትንሽ ልቆይ። ደም የሚደርሳት በቀጭን መንገድ ስለሆነ ካልተያዘች ሳትገጥም ልትቀር ትችላለች። ስብራቷ ደግሞ ወለምታ ይመስላል። አሁኑኑ አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ ቀና አድርጉ። ከሥሩ፣ በአንጓው ጎን፣ በሁለት ገመድ መሰል ነገሮች መካከል ትንሽ ጎድጓዳ ይታያችኋል። ከወደቃችሁ በኋላ እሷን በጣት ጫን ስትሉ ካመማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። የመጀመሪያው ራጅ ምንም ላያሳይ ይችላል። ሐኪሙ እጃችሁን አስሮ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ተመለሱ ካለ ተመለሱ። «ራጁ ነፃ ነው» ብሎ መቅረት ነው አደጋው።

ሌላም አስቸኳይ ነገር አለ። አንጓው ከተጣመመ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ ወይም ከቀዘቀዙ፣ ቁስል ካለ፣ ብርጭቆ እንኳ ማንሳት ካቃተ አታሳድሩት። ልጅ ከሆነ ቶሎ ፍሩ። በሚያድግ ልጅ አጥንቱ የሚያድግበት ጫፍ ከጅማቱ ይልቅ ስስ ነው፤ ወለምታ የመሰለው ስብራት ሊሆን ይችላል።

እነዚህ ከሌሉ ቤት ውስጥ ይታከማል። መጀመሪያ ቀለበትና አምባር አውልቁ። ካበጠ በኋላ አይወጣም። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙበት፤ በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ ድገሙት፣ ለሁለት ቀን ያህል። ፍሪጅ ከሌለ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅም ይረዳል። ሙቅ ውኃና ማሸት በእነዚህ ቀናት ይቅር፤ እብጠቱን ያባብሰዋል። ስትተኙ እጁን ትራስ ላይ ከልብ ከፍ አድርጉት። የሚለጠጥ ፋሻ ከመዳፍ ጀምራችሁ ወደ ክርን ጠቅልሉ። ከዚያ ጥፍሩን ተጭናችሁ ልቀቁ። ነጭ ሆኖ ቶሎ ካልቀላ ወይም ጣት ከጠቆረ ፍቱት። በቀርከሃ አጥብቆ ማሰርን እለምናችኋለሁ፣ ተዉት። ደም ተዘግቶባቸው እጃቸው የተቆረጠ ልጆች በአገራችን አሉ።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። አይቡፕሮፌን ጨጓራ ወይም ኩላሊት ላለበትና ለነፍሰ ጡር አይሆንም።

ሕመሙ ሲበርድ ዝም ብላችሁ አትያዙት፣ ይደርቃል። ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፋችሁ እጃችሁን ከጠርዙ አሳልፉ፤ ቀስ ብላችሁ 10 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች። ቀጥሎ የተጠቀለለ ካልሲ ጨብጣችሁ ልቀቁ። ቀላሉ ወለምታ በጥቂት ሳምንት ይድናል፤ በከፊል የተበጠሰው ረዘም ይላል፤ ጭርሱን የተበጠሰው ኦፕራሲዮን ሊፈልግ ይችላል።

ተማሪዎቼን ወደ ጨዋታ የምመልሳቸው በግድግዳ ነው። ሁለት መዳፋቸውን ግድግዳ ላይ ያሳርፋሉ፣ ክብደታቸውን ቀስ ብለው ይለቃሉ፣ ይገፋሉ። 10 ጊዜ። ፊታቸውን ነው የማየው። ከተኮማተረ ሌላ ሳምንት። ካልተኮማተረ ኳሱን እሰጣቸዋለሁ።